ሃይ ግሬድ ወይስ ማስተር ግሬድ? እግሩ የተሰነጠቀውን ዛኩ አይተህ ወስን

ጥያቄህን ማታ መብራት ሲመጣ አየሁት። «ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። የጋንዳም ሞዴል መገጣጠም ልጀምር ነው። ትንሹን ሃይ ግሬድ ልግዛ ወይስ ታግሼ ማስተር ግሬድ? ከውጭ ሲመጣስ ያስቸግራል?» ነው ያልከው። ለማያውቅ ሰው፦ ጋንዳም የጃፓን ካርቱን ላይ ያሉ ሮቦቶች ናቸው፤ ሃይ ግሬድና ማስተር ግሬድ ደግሞ የሚገጣጠመው የፕላስቲክ ሞዴላቸው ደረጃዎች ናቸው። እኔ እዚሁ ቆዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነኝ። አሁን አንተ የቆምክበት ቦታ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። «ሁለቱም አሪፍ ነው» ያሉህን እለፋቸው።

1. ሃይ ግሬድ ግዛ፣ በቃ። መጠኑ ከካርቱኑ ሮቦት 1/144 ነው፣ ቁመቱ 13 ሳንቲሜትር ገደማ። ማታ ማታ እየሠራህ በሁለት ቀን ትጨርሰዋለህ። ማስተር ግሬድ 1/100 ነው፣ ወደ 18 ሳንቲሜትር ይደርሳል። ውስጡ አጽም አለው፤ መጀመሪያ አጽሙን ትሠራለህ፣ ከዚያ ጥሩሩን ታለብሰዋለህ። ያምራል፣ አልዋሽህም። ግን እጅህ እስኪፈታ ድረስ የምታበላሸውን ሁሉ የምታበላሸው ውዱ ላይ ነው። ሪል ግሬድ የሚባለው ሌላው ደረጃ ደግሞ ሰው ይሸውዳል። ቁመቱ እንደ ሃይ ግሬድ ስለሆነ ይቀላል ብለህ ትገዛዋለህ፤ ስትከፍተው አጽም አለው፣ አንዳንዱ ቁራጭ ምስር ያክላል፣ ስቲከሩ በወረንጦ ካልሆነ አይያዝም። አንዷ ቁራጭ ከእጄ አምልጣ መብራት በጠፋበት ሰዓት ሲሚንቶ ወለል ላይ በሞባይል ባትሪ ስፈልጋት አመሸሁ። ያገኛት በማግስቱ የባለቤቴ መጥረጊያ ነው።

ርካሽ ብለህ ደግሞ የድሮውን እንዳታዝ። የጃፓኑ አምራች ባንዳይ ይህን ነገር መሸጥ የጀመረው በ1980 እ.ኤ.አ ነው፤ የዚያን ዘመን ኪቶች አሁንም ይሸጣሉ። እነሱ በማስቲሽ የሚጣበቁ፣ ቀለም ካልቀባሃቸው የማያምሩ ናቸው። ዱባይ ያለችው እህቴ «ያው ጋንዳም አይደል?» ብላ አንዱን ገዛችልኝ። ካርቶኑ ላይ ሃይ ግሬድ የሚል ከሌለ ተወው። ሃይ ግሬድ የሚባለው ከ1990 እ.ኤ.አ ወዲህ የመጣ ነው፤ የአሁኖቹ ያለ ማስቲሽ ቀጭ ብለው ይገባሉ።

2. በጥፍር መቁረጫ አትጀምር። ቁራጮቹ ፍሬም ላይ ተያይዘው ነው የሚመጡት፣ ፊደልና ቁጥር አላቸው። መመሪያው በጃፓንኛ ቢሆንም ሥዕሉን ማየት ይበቃል። ዋናው ሥራ ከፍሬሙ መለየቱ ነው። በጥፍር መቁረጫ ስትጫነው ፕላስቲኩ ይታመምና በቀለሙ መሃል ነጭ ጠባሳ ይወጣል። ሞባይል ጠጋኞች ሽቦ የሚቆርጡባትን አፏ ለጥ ያለ ትንሽ መቁረጫ መርካቶ ፈልግ፣ እሷ ትበቃለች። ሁለት ጊዜ ቁረጥ። መጀመሪያ ከቁራጩ ራቅ አድርገህ፣ ከዚያ የቀረችውን ጉቶ ተጠግተህ። የተረፈውን በ600፣ ቀጥሎ በ1000 የብርጭቆ ወረቀት አሸው። በዚህ ጉዳይ ማንንም አልፈራም፤ የእኔን ሥራ መቁረጫው የት እንደነካው ፈልገህ አታገኘውም።

3. ዕቃው ሲመጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ።

እህቴ ማስተር ግሬድ ዛኩ ላከችልኝ። ዛኩ ከጋንዳም ካርቱን አረንጓዴው፣ አንድ ዓይናው ሮቦት ነው። ወረቀቱ ላይ ስለ ዕቃው ስትሞላ «ሮቦት» ብላ ጻፈች። በቃ! ጉምሩክ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን አይታ «ሮቦት ፈቃድ ያስፈልገዋል» አለችኝ። ከየት ነው ፈቃዱ? «እሱን አንተ ታውቃለህ።» ከቆዬ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ ሰልፍ ጠብቄ፣ ከሥራ ቀርቼ የሄድኩት ለዚህ ነው። በሁለተኛው ቀን «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ተባልኩ። በሦስተኛው ቀን ካርቶኑ ተከፈተ። ሴትዮዋ ከረጢቱን ቀዳ ፍሬሞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው።

«ባትሪው የታል?»

«የለውም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ሮቦት?»

«መጫወቻ ነው። ይገጣጠማል።»

አንዱን ፍሬም አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው። ፊቷ ተለወጠ። ከልቧ አዝናልኝ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ መንገድ ላይ ተሰባብሯል» አለችኝ። ስቄ ልሞት ነበር። ታዲያ ቀረጡን ስትተምን ስብርባሪ ብላ አልቀነሰችልኝም፤ እንደ ሙሉ ሮቦት ነው ያስከፈለችኝ። ስለዚህ የሚልክልህ ሰው የሆነውን ይጻፍ፦ የሚገጣጠም የፕላስቲክ መጫወቻ፣ ባትሪ የሌለው። የተከፈለበትን ደረሰኝም ውስጥ ይክተት።

እንዲህ ተሰቃይቼ ያመጣሁትን ዛኩ በገዛ እጄ ገደልኩት። መልስ ልጻፍልህ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ጥሩሩ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ መሰል መስመሮች አሉ። ጥቁር ቀለም በጣም አቅጥነህ ስትነካቸው ቀለሙ በመስመሩ ውስጥ ራሱ ይሮጣል፣ የተረፈውን ትጠርጋለህ። ቪዲዮ ላይ ሳየው ቀላል ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ማቅጠኛ እዚህ የለም ብዬ ሰፈር ካለው የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የብረት በር ቀለምና አኳራጃ ገዛሁ። ባለሱቁ «ለምንድነው?» ሲለኝ «ለትንሽ በር» አልኩት። ተገጣጥሞ ያለቀውን እግር በአኳራጃ አራስኩት። ማታ ሲያምር ልነግርህ አልችልም። ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁ።

ጠዋት ላነሳው ስል ቁርጭምጭሚቱ እጄ ላይ ቀረ። ጉልበቱ ላይ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ ዙሪያውን ሄዷል። ለካ ተጣብቆ የገባ ፕላስቲክ ውጥረት ላይ ነው፤ አኳራጃው በመጋጠሚያው ሾልኮ ሲገባ ከውስጥ ያፈነዳዋል። የሁለት ሳምንት ሥራ፣ የሦስት ቀን ምልልስ፣ ቀረጡን ሳንቆጥር። በሱፐር ግሉ አጣብቄዋለሁ። አሁን እግሩ አይታጠፍም፤ ባለቤቴ ቡፌ ውስጥ ከስኒዎቹ ጎን እንደ ዘበኛ ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

አንተ ነጭ ከገዛህ መስመሩን በ0.5 እርሳስ ሳበው፣ ዙሪያውን በላጲስ አጥፋ። ቀለም ካማረህ ደግሞ ሳትገጣጥም፣ ቁራጩ ለብቻው እያለ ቀባና አድርቅ።

አንጸባራቂነቱን የሚያጠፋውን ስፕሬይ ቀጥለህ እንደምትጠይቅ አውቃለሁ። በሐምሌ አትንፋ፤ እርጥበቱ ነጭ ጉም ያለብሰዋል። በበጋ ደግሞ የእኛን ሰፈር አቧራ አንተም ታውቀዋለህ። እኔ ጥቅምት ላይ፣ በጠዋት ነፋስ ሳይነሳ፣ በረንዳ ላይ ካርቶን ውስጥ አድርጌ ነው የምነፋው።

ከዛኩ በኋላ ዘጠኝ ሃይ ግሬድ ሠርቻለሁ፣ አንዱም አልተሰበረም። የመጀመሪያህን ስትገዛ ጻፍልኝ፣ መቁረጫዬን አውስሃለሁ። ቱሉ ዲምቱ አደባባይ እንገናኝ። ሽቦ ግን እንዳትቆርጥባት።