ሦስት ወር ሞርጌጅ አልከፈልንም፤ ምን ይሻለናል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤቱን በ2021 በ3 ፐርሰንት ወለድ ገዛነው። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል፤ ወገቡን አሞት አራት ወር ቤት ዋለ። እኔ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው። በእኔ ደመወዝ ብቻ 2,450 ዶላር ሞርጌጅ ከፍለን መኖር አልቻልንም፣ የሦስት ወር ክፍያ ቀረብን። አሁን ተመስገን ባለቤቴ ሥራ ጀምሯል። ከባንክ የሚመጣውን ፖስታ ግን ፈርተን አልከፈትነውም፣ ፍሪጁ ላይ ተከምሯል። አንድ የአገራችን ሰው «3,000 ዶላር ስጡኝ፣ ሞዲፊኬሽን (የብድሩን ውል ማስቀየር) አስጨርስላችኋለሁ፤ እስከዚያ ለባንኩ እንዳትከፍሉ፣ ስልካቸውንም እንዳታነሱ» አለን። በሚቀጥለው ሳምንት እቁብ ይደርሰናል፤ ከእሱ ላይ እንስጠው ወይ?
እንቅልፍ ያጣች

መልስ፦ እህቴ፣ አትስጪው። 300 ቢልሽም አትስጪው። እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጥ ሰው ከባንኩ በጽሑፍ የመጣ ስምምነት አምጥቶልሽ፣ አንቺም አይተሽ ሳትቀበይው በፊት አምስት ሳንቲም እንዳይቀበል የፌዴራል ደንብ ይከለክለዋል። ለጠበቆች ለየት ያለ ደንብ አለ፣ ይሄ ሰውዬ ግን ጠበቃ ነው አላልሽኝም። ደግሞ ከ3,000ው ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ «ስልካቸውን አታንሱ» ያለው ነው። ቤታችሁን የሚያድነው ያ ስልክ ነው እኮ! ነገ ተነገ ወዲያ «ዲዱን (የቤቱን የባለቤትነት ሰነድ) በስሜ አዙሩልኝ» ካለማ በሩን አሳዩት።

አሁን ፍሪጁ ላይ ያለውን ፖስታ አውርጂና በቀን ቅደም ተከተል ደርድሪው። ክፍያ በዘገየ በ45 ቀን ውስጥ «እንዲህ እንዲህ ያለ አማራጭ አለ» የሚል ደብዳቤ መላክ ግዴታቸው ስለሆነ ካልተከፈቱት አንዱ እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ደውዪና «ሎስ ሚቲጌሽን» የሚባለውን፣ መክፈል ያቃታቸውን ሰዎች የሚያስተናግደውን ክፍል ጠይቂ። ብድሩ የማን እንደሆነም ጠይቂ፤ በየወሩ የምትከፍዪው ድርጅት ብዙ ጊዜ ሰብሳቢ ብቻ ነው፣ ከጀርባው ፋኒ ሜ ወይም ፍሬዲ ማክ (የቤት ብድር ከባንኮች የሚገዙ ድርጅቶች) ሊኖር ይችላል፣ ወይ ብድሩ የኤፍ ኤች ኤ (የመንግሥት የቤት ብድር ዋስትና ሰጪ) ዋስትና ያለው ሊሆን ይችላል። ምን እንደሚፈቀድልሽ የሚወስነው ያ ከጀርባ ያለው ነው።

ጊዜ ግን የለሽም። ክፍያው ከ120 ቀን በላይ ካልዘገየ በቀር የፎርክሎዠርን (ቤቱን በዕዳ የመውሰድን) የመጀመሪያ ወረቀት ማስገባት አይችሉም፤ እናንተ ሦስቱን ወር በልታችሁታል፣ የቀረው አንድ ወር ገደማ ነው። ከዚያ በፊት የተሟላ ማመልከቻ ከደረሳቸው መልስ እስኪሰጡሽ ድረስ ፎርክሎዠር መጀመር አይፈቀድላቸውም። «የተሟላ» የምትለዋን ያዥልኝ፣ እመለስባታለሁ።

አሁን ዋናው ነገር። ሁሉም ሰው ሞዲፊኬሽን ሞዲፊኬሽን ይላል፣ ለእናንተ ግን የመጀመሪያ ምርጫ አይመስለኝም። ሞዲፊኬሽን ማለት ውዝፉ ዋናው ብድር ላይ ይደመራል፣ ዘመኑ እስከ 40 ዓመት ሊለጠጥ ይችላል፣ ወለዱም ሊቀየር ይችላል። ድሮ ወለድ ሲረክስ ይሄ በረከት ነበር። ዛሬ ግን 3 ፐርሰንት የያዘ ሰው ወለዱ ወደ ገበያው ዋጋ ይወጣበትና ክፍያው ከበፊቱ ሊብስ ይችላል። ባለቤትሽ ሥራ ከተመለሰ ወርኃዊውን ትችሉታላችሁ፤ ያቃታችሁ ውዝፉ ነው፣ 7,350 ዶላሩ። ስለዚህ መጀመሪያ ውዝፉን ብቻ ወደ ኋላ እንዲገፉላችሁ ጠይቁ። ለፋኒ ሜና ለፍሬዲ ማክ ብድር «ፔይመንት ዲፈራል» ይባላል፣ ለኤፍ ኤች ኤ ደግሞ «ፓርሻል ክሌም»። ወለድ አይታሰብበትም፣ የሚከፈለውም ቤቱ ሲሸጥ፣ ሪፋይናንስ ሲደረግ (በአዲስ ብድር ሲተካ) ወይ ብድሩ ሲያልቅ ነው። 3 ፐርሰንቷ አትነካም። የባለቤትሽ ወገብ እንደገና ካስቸገረና ገቢያችሁ በእውነት ከቀነሰ ያኔ ሞዲፊኬሽን ይታያል፤ እሱም ብዙውን ጊዜ የሦስት ወር ሙከራ አለው፣ ሦስቱን ወር ሳታዛንፉ መክፈል አለባችሁ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ማመልከቻ የሚሞተው እዚህ ጋ ነው። የደመወዝ ስሊፕ፣ የባንክ ስቴትመንት፣ ታክስ ሪተርን፣ ምን እንደደረሰባችሁ የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ፤ ኡበር ለሚነዳ ደግሞ የገቢና ወጪ ሂሳብ ይጠይቃሉ። የእኛ ሰው እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይሠራል። አንደኛው፣ ይበልጥ የተቸገረ ለመምሰል ገቢውን ይደብቃል። ቤዝመንት አከራይቶ በካሽ ይቀበልና አይጽፈውም። ባንኩ ግን ችግርሽን ብቻ ሳይሆን አዲሱን ክፍያ መቻልሽንም ማየት ይፈልጋል፤ ገቢሽ በጣም ካነሰ መልሱ «አይቻልም» ነው። ደግሞስ እየፈረሙ መዋሸት ምን ያደርጋል?

ሁለተኛው እቁብ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አካውንትሽ ውስጥ ድንገት 10,000 ዶላር ቢገባ፣ ፋይልሽን የሚያየው ሰው «ገንዘብ እያላት ለምን አልከፈለችም?» ማለቱ አይቀርም። እቁብ ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? በየወሩ ስንት እንደምትጥሉ፣ ስንት ሰው እንደሆናችሁ፣ ተራችሁ መቼ እንደደረሰ በአንድ ገጽ ጻፊ፣ ሰብሳቢው ይፈርምበት። ወርኃዊ መዋጮሽንም ከስቴትመንቱ ላይ አስምሪበት። እቁቡን ከወሰድሽ በኋላም ገና የምታዋጪው ዕዳ እንዳለብሽ ንገሪያቸው፣ ያለዚያ ትርፍ ገንዘብ ይመስላቸዋል።

እኔ ራሴ በ2010 በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ። አንዱን ወረቀት አራት ጊዜ ፋክስ አድርጌ አራት ጊዜ «አንድ ገጽ ጎድሏል» አሉኝ። በአምስተኛው ደብተር ገዛሁ፤ ማን አነሳ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን አለ፣ ሁሉን ጻፍኩ። ባዶ የባንክ ገጽ እንኳ ሳይቀር ላኪ፣ «1 ከ6» ካለ ስድስቱንም። አሁን ማመልከቻ በደረሳቸው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ ተሟላ ወይም ይሄ ጎደለ ብለው በጽሑፍ መመለስ አለባቸው።

ብቻሽን ከከበደሽ በ800-569-4287 ደውዪ። ሃድ (የፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት) የፈቀደላቸው የቤት አማካሪዎች አሉ፣ ፎርክሎዠር ለመከላከል በነፃ ያግዛሉ። አስተርጓሚም ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ቤት ስገዛ ታላቅ ወንድሜ ኮሳይን አድርጎልኛል (ብድሩ ላይ አብሮኝ ፈርሟል)። አሁን ሁለት ወር ዘግይቻለሁ። እሱን ሳላስቸግር ሞዲፊኬሽን ማስገባት እችላለሁ?
ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ አትችልም። ብድሩ ላይ ስሙ ካለ የእሱንም ወረቀት ይጠይቁሃል፣ መፈረምም ይኖርበታል። «ሳላስቸግር» ያልከውም አልፏል፤ ያልከፈልካቸው ሁለት ወሮች በእሱም ክሬዲት ላይ ገብተዋል፣ ምናልባት መኪና ሊገዛ ሄዶ ከሻጩ አፍ ይሰማው ይሆናል። ዛሬ ማታ ደውልለት። ቨርጂኒያ ውስጥ ፎርክሎዠር ፍርድ ቤት ሳይገባ ስለሚያልቅ ከሜሪላንድ ይፈጥናል።