በቀይ የሚጻፈው በማን ላይ ነው?

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። ሰርቪስ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ያወርደዋል። ቦርሳውን ሶፋ ላይ ወርውሮ ኳስ ሊጫወት ይወርዳል። ቤት ያለችው የትንሿ ሞግዚት ብቻ ናት። እኔ መገናኛ ታክሲ ተሰልፌ ስገባ ምሽት 1 ሰዓት ያልፋል። እራት ተበልቶ ደብተር ሲከፈት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከዚያ ጭቅጭቅ። እሱ ያለቅሳል፣ እኔ እጮሃለሁ። እንቅልፉ ሲመጣ መልሱን እነግረዋለሁ፤ አንዳንዴም ራሴ እጽፍለታለሁ። ባለቤቴ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ይለኛል። ሳይሠራ ከሄደ ደግሞ ኮሚዩኒኬሽን ቡክ ላይ በቀይ ይጻፍብኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ቃል ላይ ቆምኩ። «ይጻፍብኛል» ብለሻል። ይጻፍበታል አላልሽም። አንቺኮ 4ኛ ክፍልን ድሮ ጨርሰሻል!

አልፈርድብሽም፤ እኔም አድርጌዋለሁ። ልጄ 3ኛ ክፍል ሳለች የኢትዮጵያ ካርታ ሥሪ ተባለች። አመሸን፣ እሷ ተኛች። እኔ ቁጭ ብዬ ወንዞቹን በሰማያዊ፣ ተራሮቹን በቡናማ አሳምሬ ቀባሁላት። 10 ከ10 አገኘች። በማግስቱ መምህሯ «አዋሽ የት ይገባል?» ሲሏት «ቀይ ባሕር» አለች። ካርታው ላይ ግን አዋሽ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ሲያበቃ በገዛ እጄ ስዬው ነበር። መምህሯ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት የማስተምር ባልደረባዬ ነበሩ። ሻይ ቤት ሲያገኙኝ «ካርታሽ ቆንጆ ነው» አሉኝ። እኛ መምህራን የወላጅ እጅ አይጠፋንም።

አሁን ሰዓቱን እንቁጠረው። በልጅሽ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት መተኛት አለበት። ሰርቪስ ለመያዝ ጠዋት 12 ሰዓት ከተነሣ፣ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወስዶት መሆን አለበት። እናንተ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ገና ደብተር ትገልጣላችሁ። በዚያ ሰዓት ማካፈል ለእኔም አይገባኝ።

ስለዚህ የቤት ሥራው አንቺ ሳትገቢ ማለቅ አለበት። ኳሱን አትከልክዪው፤ ቀኑን ሙሉ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ነው የመጣው። ዳቦ በሻይ ይብላ፣ ይውረድ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሶ ይውጣ። ሞግዚቷ ሒሳብ ማወቅ አይጠበቅባትም። በመስኮት ትጥራው፣ ቴሌቪዥኑን ታጥፋ፣ በቃ። ገና ስላልጨለመ መብራት ቢሄድም ሰበብ የለም።

40 ደቂቃ ይበቃዋል። ብዙ መምህራን የሚጠቀሙበት ልክ በክፍል 10 ደቂቃ ነው፤ 4ኛ ክፍል 40 መሆኑ ነው። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሃሪስ ኩፐር የሚባል ተመራማሪ የብዙ ዓመት ጥናቶችን ሰብስቦ በአውሮፓውያን 2006 ያወጣው ጽሑፍ አለ። የቤት ሥራ ከውጤት ጋር ያለው ዝምድና ጎላ የሚለው ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ነው ይላል። በታችኞቹ ክፍሎች ደካማ ነው። ታዲያ ለምን ይሰጣል? እኔ ስሰጥ የነበረው ለልማዱ ነው። የታዘዘውን ጽፎ እንዲመጣ፣ ደብተሩን እንዳይረሳ፣ የጀመረውን እንዲጨርስ። አንቺ ስትጽፊለት የምትወስጂበት ይህንኑ ነው።

ማታ ስትገቢ «አሳየኝ» በይው፣ አበቃ። ስህተት ብታዪም አትንኪው። መምህሩ ስህተቱን ካላዩ ምን እንዳልገባው በምን ያውቃሉ? ካልጨረሰም ይተኛ። በቀይ ይጻፍበት። ግን አስቀድመሽ ለመምህሩ ሁለት መስመር ላኪ፦ «ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ራሱ ይሠራል፤ ሳይጨርስ ከመጣ እባክዎ እሱን ይጠይቁት።» የመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ያስጠላል። ደብተሩ ይቆሽሻል፣ ውጤቱም ዝቅ ሊል ይችላል። ቻይው።

ባለቤትሽ ደግሞ ከመተቸት ቅዳሜ ጠዋት ከልጁ ጋር ቦርሳ ይፈትሽ። የአንድ ወር የሙዝ ልጣጭ ያገኛሉ።

አንድ ነገር ብቻ ተከታተዪ። በጊዜ ተቀምጦ፣ እየታገለም በ40 ደቂቃ ግማሹን እንኳ የማይጨርስ ከሆነ ስንፍና አትበዪው። እሑድ ከአማርኛ መጽሐፉ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያንብብልሽ። ፊደል እየዘለለ ወይም መጽሐፉን አፍንጫው ላይ እያስጠጋ ካነበበ፣ መጀመሪያ ዓይኑን አስመርምሪው። ከዚያ ከመምህሩ ጋር ቁጭ በይ።