ሆቢ 16 ለጀማሪ፦ ከፍጥነቱ በፊት ማዞርና ስትገለበጥ ማንሳት

እህቴ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። እኔና ባለቤቴ ሳንዲያጎ ነን፣ ያገለገለች ሆቢ 16 (ጎን ለጎን ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊ ያላት ትንሽ የሸራ ጀልባ) በርካሽ አግኝተናል፣ ዋና እንችላለን ግን የሸራ ጀልባ ነክተን አናውቅም፣ በራሳችን መልመድ ይቻላል ወይ ነው ያልሽው። ይቻላል። እኔም የለመድኩት እዚሁ ሳንዲያጎ ያለው የባህር ወሽመጥ፣ ሚሽን ቤይ ላይ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ፍጥነቷ ነው፣ ፍጥነቷ ግን ማንም ሳያስተምራችሁ በራሱ ይመጣል፣ መጀመሪያ መልመድ ያለባችሁ ማዞርና ስትገለበጥ ማንሳት ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን በደንብ እዩዋት። የሁለቱን ተንሳፋፊዎች ላይኛውን ፊት በመዳፍሽ ጫን ጫን እያልሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂጂ፣ በተለይ ከምሰሶው ፊት ያለውን ቦታ። እየሰረጎደ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ፋይበርግላሱ ውስጥ ለውስጥ ተላቋል ማለት ነው፣ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳን ተዉት። ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት ሽቦዎች ላይ አንድ ቀጭን ክር ተበጥሶ ከወጣ ሽቦው ይቀየር። የምትቀመጡበትን ትራምፖሊን ደሞ ስፌቱን ሳብ አድርጊው፣ ፀሐይ ከጨረሰው ይተረተራል።

አንድ ነገር አደራ፣ ምሰሶው 8 ሜትር ገደማ ነው፣ አሮጌዎቹ ላይ ሙሉ በሙሉ አሉሚኒየም ነው፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ምሰሶውን ከማቆማችሁ በፊትና ጀልባዋን ወደ ውሃ ከመግፋታችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የመብራት ሽቦ አለመኖሩን እዩ፣ በዚህ ሰው ሞቷል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጡ ንፋሱ ከ8 ኖት (በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ) ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሚሽን ቤይ ላይ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ ከውቅያኖሱ በኩል ንፋሱ እየጨመረ ስለሚመጣ ረፋዱ ላይ ጀምሩ፣ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ ማየት ከጀመራችሁ ተመለሱ። ወደ ውቅያኖስ በሚያስወጣው ቦይ በኩል ለጊዜው አትሂዱ፣ ድልድዮቹንም ራቋቸው፣ ንፋሱ ወደዛ እየገፋችሁ ምሰሶው ድልድይ ስር እንዳይገባ።

አሁን ወደ ማዞሩ። ሆቢ 16 ክብደቷ 145 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው፣ ከስር ወደ ውሃ የሚወርድ ሰሌዳ የላትም፣ ሁለት ረጃጅም ተንሳፋፊ ስላላት ደሞ ቀጥ ብላ መሄድ ነው የምትወደው። ስለዚ ፊቷን ወደ ንፋሱ ስታዞሪያት ቶሎ ፍጥነቷን ታጣና መሃል ላይ ቀጥ ትላለች፣ ጀማሪ ሁሉ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ጋ ነው። መፍትሄው እንዲህ ነው፣ መጀመሪያ ጥሩ ፍጥነት ያዙ፣ ከዛ የመሪውን ዘንግ በቀስታ ግፉት፣ በድንገት ከገፋችሁት መሪው ፍሬን ነው የሚሆንባችሁ። የፊቷን ትንሿን ሸራ ግን እንዳትለቋት! አፍንጫዋ ንፋሱን እስኪያልፍ እንደታሰረች ትቆይ፣ ንፋሱ በተቃራኒው በኩል ይመታትና ጀልባዋን እሷ ራሷ ገፍታ ታዞርላችኋለች። በዛው ቅፅበት የትልቁን ሸራ ገመድ ላላ አድርጉለት፣ እሱ ከተወጠረ ጀልባዋን መልሶ ወደ ንፋሱ ነው የሚያዞራት። ሙሉ በሙሉ ከዞረች በኋላ ትንሿን ወደ አዲሱ ጎን አሳልፉ፣ ከዛ ትልቁን ሳቡ። መሃል ላይ ቆማ ወደ ኋላ መሄድ ከጀመረች አትደንግጡ፣ ወደ ኋላ ስትሄድ መሪው በተቃራኒው ነው የሚሰራው፣ ዘንጉን ወደ ሌላው ጎን አድርጉትና ቀስ ብላ ትዞራለች።

መገልበጥ ደሞ አይቀርም። ሆቢ ብዙ ጊዜ የምትገለበጠው ወደ ጎን ብቻ አደለም፣ ንፋሱ በርትቶ ከንፋሱ ማዶ ያለው ተንሳፋፊ አፍንጫው ውሃ ውስጥ ሲገባ በፊቷ ትደፋለች። አፍንጫው መጥለቅ ሲጀምር ሁለታችሁም ወደ ኋላ ሂዱ፣ ገመዱንም ልቀቁ። ከተገለበጠች የመጀመሪያው ህግ ጀልባዋን አለመልቀቅ ነው፣ ንፋሱ አንቺ ከምትዋኚው በፍጥነት ነው የሚወስዳት። ከዛ የሁለቱንም ሸራ ገመድ ከመያዣው አላቁ፣ አፍንጫዋን ወደ ንፋሱ አዙሩ፣ የማንሻውን ገመድ ከላይ ባለው ተንሳፋፊ አሳልፋችሁ ታችኛው ተንሳፋፊ ላይ ቁሙና ሁለታችሁም ወደ ኋላ ተንጠልጠሉ። መጀመሪያ ምንም የማይነቃነቅ ይመስላል፣ ታገሱ፣ ንፋሱ ሸራው ስር ሲገባ ቀስ እያለች ትነሳና በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ትወርዳለች፣ ጭንቅላታችሁን ጠብቁ፣ ምሰሶው ስር ያለውን ማገር ያዙ፣ ያለዛ በሌላው ጎን ልትገለበጥ ትችላለች። ቀለል ያለ ሰው ብቻውን ሊያነሳት ይከብደዋል፣ ስለዚ ለጊዜው ማናችሁም ብቻችሁን አትውጡ። ይሄን ከዳርቻው ብዙም ሳትርቁ ሆን ብላችሁ ገልብጣችሁ ተለማመዱት፣ ግን ምሰሶው መሬት እንዳይነካ ጥልቀት ያለው ቦታ ይሁን። ምሰሶው ጫፍ ላይ የሚታሰር ተንሳፋፊ ኳስ ብትገዙም ሙሉ በሙሉ እንዳትገለበጥ ያግዛችኋል።

ላይፍ ጃኬት ሁሌም፣ ዲሴምበርና ጃንዋሪ ላይ ደሞ ዌትሱት (ውሃ ውስጥ ሙቀት የሚጠብቅ ልብስ) የግድ ነው፣ ውሃው ይቀዘቅዛል። የተንሳፋፊዎቹን ፎቶ ከላክሽልኝ አይቼ የሚመስለኝን እነግርሻለሁ፣ ቅዳሜ ሚሽን ቤይ ውስጥ ያለው ፊየስታ አይላንድ ከመጣችሁም ምሰሶውን አብረን እናቆመዋለን፣ ለሁለት ጀማሪ ያስቸግራል።