መልስ፦ ከእናቴ ጋር ቶኪዮ ላይ ሱሞ (የጃፓን ባህላዊ ትግል) ለማየት ስንት ሰዓት ልግባ?

በሩ ጠዋት ይከፈታል ስለተባለ ከእናትህ ጋር ቀኑን ሙሉ መቀመጥ የለብህም። በኛ አቆጣጠር 8 ሰዓት ላይ፣ በነሱ 14፡00 መሆኑ ነው፣ ርዮጎኩ ኮኩጊካን (የሱሞው አዳራሽ) ብትደርሱ በቂ ነው። ጠዋት የሚታገሉት ዝቅተኛ ምድብ ያሉት ናቸው።

በኛ 9፡40 ገደማ የከፍተኛው ምድብ ታጋዮች ባለጥልፍ ሽርጣቸውን ታጥቀው የትግሉን ክብ ሜዳ ይዞራሉ፤ እሱ እንዳያመልጣችሁ! ግጥሚያው ብዙ ጊዜ በሰከንዶች ያልቃል፣ ከዚያ በፊት ግን ጨው እየበተኑ፣ እየተጎነበሱ፣ እየተፋጠጡ ደቂቃዎች ይቆያሉ፣ ልብ የሚያንጠለጥለው እሱ ነው። 12 ሰዓት አካባቢ ያበቃል።

ብቻ የ4 ሰው ሳጥን የሚሉትን መቀመጫ እንዳትገዛ። ጫማ አውልቀህ ወለል ላይ፣ ትራስ ላይ ነው የምትቀመጠው፣ እግር መዘርጊያ የለውም፣ ሰዓት ሳይሞላ ጉልበት ያደነዝዛል። ለእናትህ 2ኛ ፎቅ ወንበር ያዝላቸው።