መፍቻ ከማንሳታችሁ በፊት፦ ጭስ ማውጫው ስለሚያፈስ ያገለገለ ጄት ስኪ

ውድ ወጣቶች፣

ከሞተር ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የመኪናውንም፣ የጀልባውንም፣ ውሃ ላይ እንደ ሞተር ብስክሌት ተቀምጠው የሚነዱትን የጄት ስኪውንም ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ጀማሪ መካኒክን አብዝቶ የሚያሳስተው የቱ ነው ብትሉኝ፣ ያገለገለ ጄት ስኪ ላይ የሚያፈስ ጭስ ማውጫ ነው እላችኋለሁ። ምክንያቱም ጉዳቱ ፊት ለፊት ይታያል። የጎማ ቱቦው ቀልጧል፣ ብረቱ ጠቁሯል፣ እጃችን ቶሎ ወደ መፍቻው ይሄዳል። የታየን ግን ብዙ ጊዜ ምልክቱ ነው። በሽታው ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ አንድ ባለ ሁለት ምት (ዘይትን ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥል ሞተር ያለው) ጄት ስኪ መጣልኝ። ባለቤቱ ገና መግዛቱ ነበር። መቀመጫውን ሲያነሳው የተቃጠለ ጎማ ሽታ ፊታችን ላይ መጣ። ጭስ ማውጫውን ከማርሚታው (የጭሱን ድምፅ ከሚያፍነው ሣጥን) ጋር የሚያገናኘው ወፍራም የጎማ ቱቦ ከላይ በኩል ጠቁሯል፣ ተሸብሽቧል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ተሰንጥቋል። አዲስ ጎማ አስገባሁ። ማሰሪያዎቹን አጠበቅሁ። አስነሳሁት፣ ሰላም ነው። አስረከብኩት። ሰውየው በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። አዲሱ ጎማ እንደ አሮጌው ቀልጧል።

ያኔ ነው ቁጭ ብዬ ያሰብኩት። ጭስ ማውጫውን አወረድኩና ውሃ የሚያስገባውን ቀጭን ቱቦ በአፌ ነፋሁት። አላሳልፍ አለ። በሽቦ ስጎረጉረው የትንሽ ጣት ጥፍር የምታክል የደረቀች ሲሊኮን ወጣች። ከእኔ በፊት የሠራው ሰው ጋስኬት (በሁለት ብረቶች መሀል የሚገባውን ማሸጊያ) በመቀየር ፈንታ ሲሊኮን ቀብቶ ገጥሞታል። ወደ ውስጥ የተረፈው ተቆርሶ ሄዶ የውሃውን መንገድ ዘጋው። ጎማው የቀለጠው ውሃ አጥቶ ነው። ያቺን ቁራጭ ለብዙ ጊዜ በመሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫት ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ አሠራሩን ልንገራችሁ። የጄት ስኪ ጭስ ማውጫ እንደ መኪናው ደረቅ አይደለም። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል። ይህ ሙቀት የሚያልፈው በተዘጋ አካል ውስጥ ነው፤ አጠገቡ የቤንዚን ታንክ፣ ሽቦና ጎማ አለ። ስለዚህ ቧንቧው ድርብ ግድግዳ አለው። በውስጠኛው ጭስ ያልፋል፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መሀል ውሃ። ውሃው ከተንሳፈፈበት ሐይቅ ወይም ባሕር በፓምፑ ግፊት የሚመጣ ነው። በኋላ ከጭሱ ጋር ይቀላቀልና በጎማው አልፎ ማርሚታ ይገባል፣ ከዚያ አብረው ይወጣሉ። እንደ ሲ-ዱ (የጄት ስኪ ስሪት ስም ነው) ባለ አራት ምት ያሉት ሞተሩን በዝግ ዑደት በራዲያተር ፈሳሽ ያቀዘቅዛሉ፤ ጭስ ማውጫቸው ግን ያው የውጭውን ውሃ ይጠብቃል። ውሃ ከቀረ ጎማው ብዙም አይቆይ።

አሁን ወደ ምርመራው እንምጣ። የመጀመሪያው ምክሬ፦ አትጠቡት። ወጣቶች ሞተር ቆሽሾ ሲያዩ ቶሎ ማጠብ ይወዳሉ። ቆሻሻው እኮ ካርታችሁ ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ጭስ የሚያመልጥበት ቦታ ዘይት ያለው እርጥብ ጥቁር ነገር ያወጣል። ባለ አራት ምት ላይ ደረቅ ጥላሸት ታገኛላችሁ፤ ከመገጣጠሚያው ጀምሮ እንደ ማራገቢያ ተበትኖ ይታያል። የባሕር ውሃ የሚያፈስበት ቦታ ደግሞ ነጭ የጨው መስመር ጥሎ ይወርዳል። የእጅ ባትሪና አነስተኛ መስታወት ይዛችሁ የጭስ ማውጫውን የታችኛውን ጎን ተመልከቱ። ብዙዎች ከላይ አይተው ይተዉታል፤ ስንጥቁ ግን ውሃ በሚቋጥርበት ከታች በኩል መሆኑን ይወዳል።

ባለቤቱን ጠይቁት፣ በደንብም ስሙት። «ሲነሳ ደህና ነው፣ ውሃ ላይ ጥቂት ደቂቃ ስነዳው ጉልበት ያጣል» ካላችሁ፣ «መቀመጫውን ስከፍተው እንደገና ይሻለዋል» ብሎ ከጨመረ፣ ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ገና አትንኩት። የጄት ስኪ ሆድ ዝግ ነው። ጭስ ወደ ውስጥ ካመለጠ ሞተሩ የሚተነፍሰው የራሱን ጭስ ይሆናል፣ ኦክስጅን ያጥረዋል። በዚህ ምክንያት ካንዴላ (ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩሰው)፣ የነዳጅ ፓምፕ፣ ካርቡሬተር ሁሉ በከንቱ የተቀየረባቸው ስንት ማሽኖች አይቻለሁ።

ሳልረሳው የጭሱን ነገር በብርቱ ልንገራችሁ። በውስጡ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። በደማችን ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ የሚያፈስ ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አታስነሱ። በሩ ገርበብ ብሏል ብላችሁም አትታለሉ፤ ወደ ደጅ አውጡት። ራስ ምታት ወይም ማዞር ከጀመራችሁ አጥፉና ንጹሕ አየር ወዳለበት ሂዱ። ከማስነሳታችሁ በፊትም መቀመጫውን ከፍታችሁ የቤንዚኑ ትነት እስኪወጣ ታገሱ። በዚህ ጉዳይ ላይ ችኮላ አልወድም።

ዓይን ያላገኘውን ሳሙና ያገኘዋል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ፣ በኋላ በኩል ባለው የጭስ መውጫ ቀስ ያለ አየር አስገቡ። የቫኪዩም ማጽጃ መንፊያ ጎን ይበቃል። የኮምፕሬሰር ኃይል ግን አትስጡት፣ ያልተበላሸውን ጎማ ያስለቅቃል። በመውጫው ዙሪያ ያለውን ክፍተት በጨርቅ ዝጉት። ከዚያ በየመገጣጠሚያው፣ በጋስኬቱ ጠርዝና በማሰሪያዎቹ ሥር የሳሙና ውሃ ርጩ። አረፋ ከሠራ አገኛችሁት።

የውሃውን ፍሳሽ ለማየት የማጠቢያ ቱቦ ገጥማችሁ ማስነሳት አለባችሁ። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን አጥብቃችሁ ያዙ። መጀመሪያ ሞተሩን አስነሱ፣ ወዲያው ውሃውን ክፈቱ። ስትጨርሱ መጀመሪያ ውሃውን ዝጉ፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፉ። ሞተሩ ቆሞ ውሃው ከቀጠለ ማርሚታው ይሞላል፣ ከዚያ ውሃው ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ይገባል። ያለ ውሃ ደግሞ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አታስነሱት፤ ትክክለኛውን ገደብ የማሽኑ ማኑዋል ይነግራችኋል።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ወደ ውጭ የማይፈሰው ነው። የጨው ውሃ አሉሚኒየምን ከውስጥ ይበላዋል። በጭሱና በውሃው መሀል ያለችው ግድግዳ እንደ መርፌ ቀዳዳ ትበሳለች። ከውጭ ምንም አይታይም። ማሽኑ አድሮ ሲነሳ ግን ውሃው ሲሊንደር ውስጥ ነው። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲመጣ ይጋጭና ቢየላው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ) ይጎብጣል። ስለዚህ ሞተሩ ሲነሳ «ጧ» ብሎ ቀጥ ካለ፣ አዝራሩን ደጋግማችሁ አትጫኑ። ካንዴላዎቹን ፍቱ። ዝገት ወይም የውሃ ጠብታ ካለባቸው ጭስ ማውጫውን አውርዱት። የውሃ ቀዳዳዎቹን ድፈኑ፣ በአንዱ በኩል በእጅ ፓምፕ ትንሽ ግፊት ስጡና ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ ንከሩት። አረፋው በጭሱ መተላለፊያ በኩል ከወጣ ግድግዳዋ ተበስታለች ማለት ነው።

ጥገናው ላይ ብዙ አልናገርም፤ ምክንያቱን ያገኘ ሰው ጥገናውን አያጣውም። ጋስኬት ከተነሳ በአዲስ ይቀየር፣ አሮጌውን መልሳችሁ አትግጠሙ። ፊቱን ስታጸዱ አሉሚኒየም ለስላሳ መሆኑን አስታውሱ፤ በካቻቢቴ ጫፍ የተቦረቦረ ፊት ሁለተኛ ፍሳሽ ነው። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስደግፋችሁ ከኋላው ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ እዩ። ከጎበጠ አዲስ ጋስኬት አያድነውም፣ ማስተካከል ያስፈልጋል። ብሎኖቹን ከመሀል ወደ ዳር፣ በሁለት በሦስት ዙር፣ ማኑዋሉ ባዘዘው ልክ አጥብቁ። የዛገ ብሎን እንቢ ሲላችሁ በጉልበት አትሂዱበት። ዘይት አጠጡት፣ አሙቁት፣ ካስፈለገ እስከ ነገ ተዉት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው፤ የተሰበረን ብሎን ሰርስሮ ማውጣት ቀን ይበላል።

ጎማውን በተመለከተ፣ ለእርጥብ ጭስ ማውጫ የተሠራውን አስገቡ። ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ የራዲያተር ጎማ አትጠቀሙ። ማሰሪያዎቹ ከማይዝግ ብረት የተሠሩ ይሁኑ። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም በአርጎን ይበየዳል። ጨውና ዘይቱ ከውስጥ ጥርግ ብሎ ካልወጣ ግን ብየዳው አይይዝም። ከተበየደ በኋላ ደግሞ በርሜሉ ውስጥ እንደገና ፈትኑት። ኢፖክሲ የሚባለው ማጣበቂያ ሰውን ከውሃ መሀል ወደ ዳር ለማምጣት ይረዳል፤ ደንበኛ ግን በኢፖክሲ አይሸኝም።

ያገለገለ ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁም፣ መቀመጫው ሲነሳ ሁሉ ነገር በቀለም የሚያበራ ከሆነ ጠርጥሩ። ከአራት ማሰሪያ አንዱ ብቻ አዲስ ከሆነ እዚያ ጋ ምን እንደተሠራ ጠይቁ። በመገጣጠሚያው ጠርዝ የተረፈ ሲሊኮን ካያችሁ የውሃው መንገድ ሳይፈተሽ አትግዙ።

ሁሉን ገጥማችሁ ስትጨርሱ የውሃ መስመሩን ከመግቢያ እስከ መውጫ ንፉት፣ ጥርት ብሎ ይለፍ። ከዚያ ውሃ ላይ አውጡት። ወደ አስር ደቂቃ ያህል ንዱ፣ ዳር አውጡና ሞተሩን አጥፉ፣ መቀመጫውን ክፈቱ። ጎማውን በእጃችሁ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ቅረቡት፤ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ውሃው ገና አልደረሰውም፣ አትሸኙት። ከማሰሪያው ሥር ነጭ ወረቀት አሳልፉ። ወረቀቱ ንጹሕና ደረቅ ከወጣ፣ በሙቀቱ የላላውን ማሰሪያ አንድ ጊዜ ደግማችሁ አጥብቁና ለባለቤቱ ደውሉለት።