ጥያቄና መልስ፦ 34 ኢንች ወይስ 27 ኢንች ሞኒተር?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ኤክሴል ላይ ነው የምውለው፤ በላፕቶፕ ትንሽ ስክሪን መሥራት ሰልችቶኛል። ባለችኝ ገንዘብ የምገዛቸው ሁለት ሞኒተሮች አግኝቻለሁ። አንዱ 34 ኢንች አልትራዋይድ ነው፤ ሪዞሉሽኑ 2560 በ1080። ሌላው 27 ኢንች፣ 2560 በ1440። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ትልቁ ያደላል። ላፕቶፔ ቆየት ያለ ነው፤ ኤችዲኤምአይ የሚባለው የስክሪን መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ 27ቱን ይግዙ። ልብዎ ወደ ትልቁ ማድላቱ ይገባኛል፤ 34 ኢንች ፊት ለፊት ሲቆሙ ዓይን ይሞላል። ለእርስዎ ሥራ ግን ቁም ነገሩ ያለው ፒክስሉ ላይ፣ ማለትም ምስሉን በሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት ላይ ነው።

የጻፉልኝን ቁጥሮች እስቲ ደግመው ይዩዋቸው። ሁለቱም ወደ ጎን 2560 ፒክስል ናቸው። ስለዚህ 34ቱ ላይ አንድም ተጨማሪ ዓምድ አያገኙም። የኤክሴል የተለመደ ዓምድ ስፋቱ 64 ፒክስል ነው፤ ሁለቱም ላይ 40 ገደማ ይገባል። ልዩነቱ ወደ ታች ነው። በሜትር ቢለኳቸው የሁለቱም ቁመት 33 ሴንቲሜትር ተኩል አካባቢ ነው። በዚያው ቁመት ውስጥ ግን አንዱ 1080፣ ሌላው 1440 ፒክስል ይዟል። አንድ ረድፍ እንደተለመደው 20 ፒክስል ከሆነ፣ 27ቱ 18 ረድፍ ጨምሮ ያሳያል። ረጅም መዝገብ ሲያመሳክሩ 18 ረድፍ ምን ያህል እንደሚያግዝ ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ታዲያ የ34ቱ ትርፍ ስፋት የት ገባ? ፒክስሎቹን አተለቃቸው፣ በቃ። በአንድ ኢንች 82 ገደማ ብቻ ነው ያለው፤ 27ቱ 109 አለው። ስለዚህ ትልቁ ላይ ፊደል ይሰፋል፣ ጠርዙም ሻካራ ይሆናል። አማርኛ ላይ ደግሞ ይብሳል። ጯ፣ ጿ፣ ኟ ዓይነት ጭረታቸው የበዛ ፊደላት በትንሽ መጠን ሲጻፉ እርስ በርስ ይዋጣሉ። ከመግዛትዎ በፊት አንድ የአማርኛ ገጽ ከፍተው ሁለቱንም ከክንድ ርቀት ያንብቡ። ልዩነቱ ወዲያው ይታይዎታል።

34 ኢንቹ 3440 በ1440 ቢሆን ኖሮ መልሴ ይቀየር ነበር። ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን ከፍቶ ለመሥራት እሱን የሚያህል የለም። ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

አሁን ወደ ላፕቶፕዎ። ይዘውት ሄደው ሰክተው ሳይሞክሩ ገንዘብ እንዳይከፍሉ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ቆየት ያሉ ላፕቶፖች ኤችዲኤምአያቸው ብዙውን ጊዜ 1.4 የሚባለው ነው። ይህ 2560 በ1440ን በ60 ኸርዝ፣ ማለትም ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ እያደሰ፣ የማስተላለፍ አቅም አለው፤ ነገር ግን አንዳንዱ ላፕቶፕ በራሱ ግራፊክስ ምክንያት እዚያ አይደርስም። የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው 2560 በ1440ም 60 ኸርዝም መኖራቸውን ይዩ። 30 ኸርዝ ብቻ ካለ ማውሱ እየተጎተተ ያስቸግርዎታል። «ትንሽ ጨምረው ፎርኬ ይውሰዱ» (ከዚህም የበለጠ ፒክስል ያለውን ማለታቸው ነው) ቢሉዎትም እሺ አይበሉ፤ በኤችዲኤምአይ 1.4 ፎርኬ ከ30 ኸርዝ አያልፍም።

ፓነሉ፣ ማለትም ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል፣ አይፒኤስ የሚባለው ዓይነት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ብዙም አይለወጥም። ቪኤ የሚባለውም ጥሩ ነው፣ ጥቁሩ ይጠልቃል። ቲኤን የሚባለው ከሆነ ይለፉት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው 1 ሚሊሰከንድ፣ 144 ኸርዝ ምናምን ለጌም ተጫዋች ነው፤ ለኤክሴል ብለው ተጨማሪ ገንዘብ አይክፈሉበት።

ገንዘብ ከተረፈዎት ማቆሚያው ላይ ያውሉት። ርካሽ ሞኒተሮች አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች አይሉም፤ አንገት የሚያሳምመውም ይኸው ነው። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይንዎ ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። ከጀርባው አራት የብሎን ቀዳዳዎች ካሉት ወደፊት የሚንቀሳቀስ ክንድ መግጠም ይችላሉ። ከሌሉት ግን ከነእግሩ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ዛሬውኑ አዙረው ይዩት።

ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ያህል በርቶ ይቆይልዎት። መጀመሪያ ሙሉ ነጭ ያድርጉትና ማዕዘኖቹ ቢጫ አለማለታቸውን ይመልከቱ። ከዚያ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያፈራረቁ የሞተ ፒክስል ይፈልጉ። በመጨረሻ የኬብሉን መሰኪያ በጣትዎ በቀስታ ነካ ያድርጉ። ምስሉ ጠፋ መጣ ካለ ሶኬቱ ላልቷል፤ በምንም ዋጋ አይግዙት።