«ትንሿን መጋዝ ልግዛ?» ላልከው ወንድሜ

«እንጨት፣ ብረት፣ ሴራሚክ፣ ሁሉንም ትቆርጣለች እያሉ ቀን ከሌት የሚያስተዋውቋትን ትንሿን የኤሌክትሪክ መጋዝ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?» ብለሃል። ገዝቼ የተቃጠልኩ ነኝና ስማኝ። መቼም አንተም እንደኔ በር ልታሳጥር ነው።

1. የቮልት ጩኸቱን እርሳው። «20 ቮልት» የሚሉትና «18 ቮልት» የሚሉት ባትሪ አንድ ነው። ውስጡ 5 ሴሎች፣ ማለትም ትንንሽ ባትሪዎች አሉ፣ እያንዳንዱ 3.6 ቮልት ነው። 20 የሚደርሰው ቻርጁ ጢም ብሎ ገና ሥራ ሳይነካ ነው።

2. ጥልቀቷን ጠይቅ። የኔዋ ዲስክ 85 ሚሊሜትር ነበር። እንጨት ውስጥ የሚገባው ግን ግማሹ እንኳ አይደለም፤ ማሰሪያውና የመጋዙ መቀመጫ ይበሉታል። የተረፈኝ 28 ሚሊሜትር ነው። የቤቴ በር ውፍረት ደግሞ 40! በአንዱ ፊት ቆረጥኩ፣ ገልብጬ በሌላው ፊት ቆረጥኩ፣ ሁለቱ መስመር አልገናኝ አለ። የበሩ ግርጌ ላይ ደረጃ ወጣበት። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በዚያ በር ስታልፍ ጎንበስ ብላ አይታው ትስቃለች።

የማስታወቂያውን ቪዲዮ እስኪ ደግመህ እየው፤ የሚቆርጡት ሁሉ ስስ ኮምፐርሳቶ ነው።

3. የዲስኩ የመሃል ቀዳዳ። እኔን ያከሰረኝ ይሄ ነው። አብሮ የመጣው ዲስክ ቶሎ ዶለዶመ፣ እንጨቱን መቁረጥ ትቶ ማጨስ ጀመረ። ሌላ ልግዛ ስል ቀዳዳው 10 ሚሊሜትር ነው፣ በዚያ ልክ የሚሸጥ አጣሁ። የግራይንደሩ ዲስክ እንዳይሆን ስፋቱ 115 ሚሊሜትር ነው፣ መሸፈኛው ውስጥ አይገባም። ሲሸጥልኝ «መለዋወጫ በሽ ነው» ያለኝ ሰውዬ «አልቋል፣ አዲሱን ሞዴል ውሰድ» አለኝ። ስከራከረው ስልኩን ዘጋብኝ! አንዱ ወዳጄ ደግሞ ቀዳዳው የጠበበ ሌላ ዲስክ ገዝተህ በድሪል አስፋው ብሎ መክሮኝ ነበር። እንዳታደርገው። ከመሃል በጥቂቱ ከሳተ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየዞረ እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል።

አሁን ማንም የማያስተዋውቀውን ተራውን ባለ 185 ሚሊሜትር ዲስክ ሰርኩላር መጋዝ ይዣለሁ። 60 ሚሊሜትር ያልፋል፣ ዲስኩም የትም አለ። ሁለተኛውን በር በአንድ ጉዞ ቀጥ አድርጌ አወረድኩት፣ መላጊያ እንኳ አልነካሁም።

ሥራህ ስስ ኮምፐርሳቶ ብቻ ከሆነ ትንሿን ግዛት፣ ግን ትርፍ ዲስኮቿን እዚያው አብረህ ያዝ። እስከዚያው የበርህን ውፍረት ለካና እዚህ ጻፍልኝ።